ሊትዌኒያ፦ ሕዝቧ ከአዲስ አበባ ያነሰ፣ ሌዘሯ ግን ዓለምን ያዳረሰ አገር

ስልካችሁ ፊታችሁን አይቶ ሲከፈት ምን እየተፈጠረ እንደሆነ አስባችሁ ታውቃላችሁ? በአንዳንድ ስልኮች ከስክሪኑ አናት ላይ ያለች ሚጢጢ ሌዘር በዓይን የማይታይ ብርሃን ፊታችሁ ላይ ትረጫለች፤ ካሜራው ደግሞ ተመልሶ የመጣውን አንብቦ የፊታችሁን ቅርጽ ይለያል። ይህን ጽሑፍ ያደረሳችሁ ኢንተርኔትም ቢሆን አብዛኛውን መንገድ የተጓዘው በባሕርና በምድር ሥር በተዘረጋ ፋይበር ውስጥ፣ ብርሃን ሆኖ ነው። ብርሃንን መፍጠር፣ መምራትና ሥራ ማሠራት፣ ይህ ሁሉ ተጠቃሎ ፎቶኒክስ ይባላል። ኤሌክትሮኒክስ በኤሌክትሮን እንደሚሠራው ፎቶኒክስ የሚሠራው በፎቶን፣ ማለትም በብርሃን ቅንጣት ነው።

በዚህ ዘርፍ ጀርመን፣ አሜሪካ፣ ጃፓንና ቻይና ትልቅ ናቸው ቢባል ማንም አይገረምም። እኛን የገረመችን ሊትዌኒያ ናት። ቅርጫት ኳስ የምትከታተሉ የሳቦኒስ አገር ብንላችሁ ቶሎ ትይዟታላችሁ። በባልቲክ ባሕር ዳር ያለች፣ 2.9 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ያላት አገር ናት። ትልቅ የነዳጅ ሀብት የላትም፣ የወርቅ ማዕድንም የላትም። ግን በደርዘን የሚቆጠሩ የሌዘር ኩባንያዎች አሏት፤ ከሚያመርቱት አብዛኛውም ለውጭ አገር ይሸጣል። ይህ እንዴት ሆነ? (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ከሶቭየት የተረፈ ላብራቶሪ

የዓለም የመጀመሪያው ሌዘር የበራው በ1960 ካሊፎርኒያ ውስጥ ነው፤ የሠራው ቴዎዶር ሜይማን ይባላል። ሊትዌኒያ ያኔ የሶቭየት ኅብረት አካል ነበረች። ዋና ከተማዋ ቪልኒዩስ ግን ብዙ አልቆየችም፣ በ1966 የራሷን ሌዘር አበራች። በ1579 በተመሠረተው የቪልኒዩስ ዩኒቨርሲቲም አልጊስ ፒስካርስካስ የተባሉ ሞስኮ የተማሩ ፊዚሲስት ተማሪዎቻቸውን ሰብስበው በጣም አጫጭር የብርሃን ምቶችን ማጥናት ያዙ።

መጋቢት 1990 ላይ ሊትዌኒያ ነፃነቷን አወጀች። ሞስኮ የመለሰችው ነዳጁን በመዝጋት ነው። በቀጣዩ ዓመት ጥር ደግሞ የሶቭየት ወታደሮች የቪልኒዩስን የቴሌቪዥን ማማ ሲይዙ 14 ሰላማዊ ሰዎች ተገደሉ። ሶቭየት ስትፈርስ የምርምር በጀቱም፣ ዕቃ ገዢውም አብሮ ጠፋ። እውቀት አለ፣ ገንዘብ የለም።

ታዲያ በዚያው ጭንቅ መሃል፣ በ1992፣ ፒስካርስካስና ሁለት ባልደረቦቻቸው እስከ ዛሬ የሚጠቀስ ሥራ ይዘው ብቅ አሉ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ አጭር የሌዘር ምትን ጉልበት ልጨምርለት ስትሉ ጉልበቱ በአንድ ቅጽበት ስለሚከማች የሚያሳድገውን ዕቃ ራሱን ይሰብረዋል። ዶና ስትሪክላንድና ጄራር ሙሩ በ1985 መላ አገኙለት፤ ምቱን መጀመሪያ ዘርጋው፣ ከዚያ አጠንክረው፣ በመጨረሻ መልሰህ ሰብስበው። ሁለቱ በዚህ ሥራ በ2018 የኖቤል ተሸላሚ ሆነዋል። የቪልኒዩሶቹ ደግሞ ይህንኑ ዘዴ ወስደው የማጠንከሩን ሥራ ለልዩ ክሪስታል ሰጡት። ክሪስታሉ የአንዱን ሌዘር ጉልበት ተቀብሎ ለሌላው ያስተላልፋል እንጂ በራሱ ውስጥ ስለማያከማች ብዙም አይሞቅም። ዛሬ በዓለም ላይ ካሉ ትልልቅ ሌዘሮች ብዙዎቹ በዚህ ዘዴ ይሠራሉ።

እውቀቱን ወደ እንጀራ የቀየሩት ኩባንያዎቹ ናቸው። ኤክስፕላ በ1992፣ ላይት ኮንቨርዥን በ1994 ተመሠረቱ፤ ሁለተኛው በቀጥታ ከዩኒቨርሲቲው የወጣ ነው። እኛ እንደምናየው ብልሃታቸው የገበያ ምርጫው ላይ ነው። ርካሽ ሌዘር በብዛት ላምርት ብሎ ከትልቆቹ ጋር መጋፋት አያዋጣም። እነሱ የመረጡት ዩኒቨርሲቲዎችና የምርምር ተቋማት በትንሽ ቁጥር፣ ግን በውድ ዋጋ የሚገዙትን ዕቃ ነበር። ለግዙፍ ኩባንያ ይህ ገበያ ጥቃቅን ነው፤ ለሊትዌኒያ ግን ይበቃል።

ፌምቶሰከንድ ስንት ነው?

የእነዚህ ሰዎች ሙያ የሚለካው በፌምቶሰከንድ ነው። አንድ ፌምቶሰከንድ ለአንድ ሰከንድ ያለው ድርሻ፣ አንድ ሰከንድ ለ32 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያለው ድርሻ ነው። ሌላ ልኬት እንስጣችሁ፦ በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር የሚበረው ብርሃን በ100 ፌምቶሰከንድ ውስጥ የሚጓዘው 0.03 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ከፀጉር ውፍረት ያነሰ ማለት ነው።

ይህ ምን ይጠቅማል? እናቶች ለቡና ከሰል ሲያያይዙ ፍሙን በጣታቸው ብድግ አድርገው ወደ ማንደጃው ሲጥሉት አይታችኋል። እጃቸው የማይቃጠለው ፍሙ ስለቀዘቀዘ አይደለም፣ ሙቀቱ ለመተላለፍ ጊዜ ስላላገኘ ነው። የፌምቶሰከንድ ሌዘርም እንዲሁ ነው፤ የሚመታትን ነጥብ ወደ ትነት ሲቀይራት ሙቀቱ ወደ ጎን ለመዛመት ጊዜ አያገኝም። በዚህ ምክንያት የስልክ መስታወት ሳይሰነጠቅ ይቆረጣል። የዓይን ሐኪምም የዓይንን ብሌን ፊት ዙሪያውን ሳያቃጥል ይቀዳል። መነጽር ለመጣል የሚደረገው ኦፕሬሽን ላይ የምትሰሙት ሌዘር አንዱ ዓይነት ይኸው ነው።

መሣሪያውን መሥራት ደግሞ ሌላ ፈተና ነው። ከአቧራ በጠራ ክፍል ውስጥ፣ ንዝረት በማያስተላልፍ ከባድ ጠረጴዛ ላይ መስታወቶች፣ ሌንሶችና ክሪስታሎች አንድ በአንድ ይደረደራሉ፤ አንዷ መስታወት በጥቂቱ ከተዛባች ብርሃኑ መንገዱን ይስታል። በሃንጋሪ ሴጌድ ከተማ ያለው የአውሮፓ የሌዘር ምርምር ማዕከል ሲሎስ የተባለ ትልቅ ሌዘር ሲያስፈልገው የሠሩለት እነዚሁ ሁለቱ፣ ኤክስፕላና ላይት ኮንቨርዥን ናቸው። በሰከንድ 1,000 ጊዜ የሚመታ ማሽን ነው።

ከዚያ ቻይና መጣች

ኅዳር 2021 ላይ ሊትዌኒያ በዋና ከተማዋ ለታይዋን ቢሮ እንዲከፈት ፈቀደች። ሌሎች አገራትም ተመሳሳይ ቢሮ አላቸው፤ ግን ብዙውን ጊዜ ስሙ ላይ የሚጻፈው «ታይፔ» ነው። ቪልኒዩስ ላይ «ታይዋን» ተብሎ ተጻፈ። በዚህች አንዲት ቃል ቤጂንግ ተቆጣች፣ የዲፕሎማሲ ግንኙነቱንም ዝቅ አደረገች። ብዙም ሳይቆይ የሊትዌኒያ ዕቃ በቻይና ጉምሩክ አላልፍ አለ። ቻይና ዕገዳ አልጣልኩም ትላለች።

ከሊትዌኒያ የወጪ ንግድ የቻይና ድርሻ 1 ከመቶ ገደማ ብቻ ነበር። ለዚህ ነው ብዙዎች «ምንም አትሆንም» ያሉት። ለሌዘር ሠሪዎቹ ግን ቻይና ከዋና ዋና ገበያዎቻቸው አንዷ ነበረች፣ ስለዚህ ዱላው በትክክል ያረፈው ቤተ ሙከራው ላይ ነው። ከ1990 የነዳጅ መዘጋት በኋላ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ ለሁለተኛ ጊዜ ትልቅ አገር በር ዘጋባቸው።

ታይዋን ዝም አላለችም፤ 200 ሚሊዮን ዶላር የኢንቨስትመንት ፈንድ አቋቋመች። ወደ ቻይና ሊሄድ የነበረ 20,400 ጠርሙስ የሊትዌኒያ ሩምም ገዛች (ይቺ እንኳን ለወሬ ትሁን)። የአውሮፓ ኅብረት በበኩሉ ቻይናን የዓለም ንግድ ድርጅት ፊት ከሰሰ፣ ጥር 2024 ላይ ግን ክርክሩ እንዲቆም ራሱ ጠየቀ።

ሌዘር ሠሪዎቹ አልወደቁም። ምክንያቱ ቀላል ይመስለናል፦ የሚሸጡትን ዕቃ የትም አገር ያለ ላብራቶሪ ይፈልገዋል፣ የሚተካውም በቀላሉ አይገኝም። ጨርቅ ወይም ምስር ቢሆን ኖሮ ታሪኩ ሌላ ነበር። ያም ሆኖ ቻይና አሁን ራሷ ሌዘር በብዛትና በርካሽ ታመርታለች፤ የፋብሪካ ብረት መቁረጫ ሌዘር ዋጋው የወረደው በእሷ ምክንያት ነው። ቪልኒዩስ ከዚህ ማምለጥ የምትችለው ለመቅዳት የሚያስቸግረውን በመሥራት ነው።

ያንን ለመሥራት ሰው ያስፈልጋል። በ1990 የሊትዌኒያ ሕዝብ 3.7 ሚሊዮን ገደማ ነበር። አውሮፓ ኅብረትን በ2004 ከተቀላቀለች በኋላ ብዙ ወጣት ወደ እንግሊዝና አየርላንድ ሄደ። አንዲትን መስታወት በትክክል ማስቀመጥ የሚችል ባለሙያ ለማፍራት ዓመታት ይፈጃል። ፒስካርስካስ በ2022 አርፈዋል፤ ያሠለጠኗቸው ተማሪዎች ግን ዛሬ በነዚህ ኩባንያዎችና በዩኒቨርሲቲው የሌዘር ማዕከል ውስጥ ሌሎችን እያሠለጠኑ ነው።