የኦንላይን ሻጮች የዕቃ ክምችት ምዝገባ፡- በኤክሴል ወይስ በልዩ ሶፍትዌር?

የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 መውጣቱና የኢትዮ ቴሌኮም የቴሌብር አገልግሎት በግንቦት ወር 2013 ዓ.ም. ሥራ መጀመሩ በኢንተርኔት ለሚካሄደው ንግድ የሕግና የክፍያ መሠረት አስገኝተዋል። በቴሌግራምና በፌስቡክ የሚሸጡ ነጋዴዎች ክፍያ መቀበል ሲቀላቸው ግን አንድ የቆየ ችግር ጎልቶ ወጥቷል፤ ይኸውም በመጋዘን የሌለን ዕቃ መሸጥ ነው። ገዥው ገንዘቡን አስቀድሞ ይልካል፤ ዕቃው ግን ጠዋት በሱቅ በኩል ለሌላ ሰው ተሰጥቷል። ገንዘቡን መመለስ ይቻል ይሆናል፤ የጠፋውን አመኔታ መመለስ ግን አስቸጋሪ ነው።

ነጋዴዎችን በሙያ የሚደግፉ የመንግሥት ሠራተኞችም በዚህ የተነሳ በተደጋጋሚ የሚቀርብላቸው ጥያቄ አለ። ዕቃውን በኤክሴል መመዝገብ ይበቃል ወይስ ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ሶፍትዌር መግዛት ያስፈልጋል? ብዙውን ጊዜ መልሱ የሚፈለገው ከዕቃው ዓይነት ብዛት ነው። ይሁንና ይበልጥ ወሳኙ ጉዳይ አንዱን ዕቃ በአንድ ጊዜ ስንት ሰው፣ በስንት መሸጫ በኩል ይሸጠዋል የሚለው ነው።

አንድ ባለቤት ብቻውን፣ በአንድ የቴሌግራም ቻናል 300 ዓይነት ዕቃ ቢሸጥ በጥንቃቄ የተያዘ ኤክሴል ያለችግር ያገለግለዋል። በአንጻሩ 40 ዓይነት ጫማ ብቻ ያለው ነጋዴ በሱቅ፣ በቴሌግራምና በፌስቡክ በሦስት ሠራተኞች የሚሸጥ ከሆነ ኤክሴል በጥቂት ቀናት ውስጥ ከእውነታው ይርቃል። አንድ ቁጥር 39 ጫማ ቀርቶ ሳለ ሁለት ሠራተኞች በአሥር ደቂቃ ልዩነት ለሁለት ደንበኞች "አለ" ብለው ሊመልሱ ይችላሉና ነው። በተለይ ፋይሉ በፍላሽ ከአንዱ ኮምፒዩተር ወደ ሌላው የሚዞር ከሆነ "የመጨረሻው" እና "የመጨረሻው 2" የሚሉ ቅጂዎች ይፈጠራሉ፤ የትኛው ትክክል እንደሆነም የሚያውቅ አይኖርም። በኢንተርኔት ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ የሚሠራበት ጉግል ሺትስ የቅጂውን ችግር ያቃልላል። ነገር ግን ለአንድ ደንበኛ የተያዘን ዕቃ ሌላው ሠራተኛ እንዳይሸጠው በራሱ አይከለክልም።

የሠንጠረዥ ፕሮግራም የተፈጠረው ለስሌት እንጂ ለዕቃ ግምጃ ቤት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1979 ለገበያ የቀረበውና ለግል ኮምፒዩተር የመጀመሪያው የሆነው ቪዚካልክ ዓላማው የሂሳብ ሠንጠረዥን ደጋግሞ በእጅ ከመሥራት ማዳን ነበር። ኤክሴልም ይህንኑ ባሕርይ ወርሷል፤ የተጻፈለትን ሁሉ ቁጥር ወይም ቀን አድርጎ ለመተርጎም ይሞክራል። የቧንቧ መገጣጠሚያ የሚሸጥ ነጋዴ መጠኑን 1/2 ብሎ ሲጽፍ ወደ ቀን ይለውጥበታል። በ09 የሚጀምር የደንበኛ ስልክ ሲገባ የፊቷ ዜሮ ትጠፋለች። 13 አሃዝ ያለው ባርኮድ አጥሮ በሳይንሳዊ የቁጥር አጻጻፍ ይታያል፤ ከ15 አሃዝ በላይ የሆነ ቁጥር ደግሞ ትርፍ አሃዞቹ ወደ ዜሮ ይቀየራሉ። መፍትሔው ቀላል ቢሆንም ብዙዎች አያደርጉትም፤ መረጃው ከመግባቱ በፊት የዓምዱን ዓይነት "ጽሑፍ" ብሎ መወሰን ነው።

የዘመን አቆጣጠር ጉዳይም ለኢትዮጵያውያን ተጠቃሚዎች የተለየ ፈተና ነው። ኤክሴል የኢትዮጵያን የቀን መቁጠሪያ አያውቅም። ጥቅምት 30 ቀን 2016 በቁጥር 30/2/2016 ተብሎ ሲጻፍ የፈረንጆቹ የካቲት 30 ቀን ስለሌለው እንደ ተራ ጽሑፍ ይቀመጣል። ጳጉሜን 5 ደግሞ 5/13/2016 ተብሎ ከተጻፈ፣ በአሜሪካ አጻጻፍ የተስተካከለ ኮምፒዩተር ሜይ 13 አድርጎ ይቀበለዋል። ጉዳቱ ለልብስ ሻጭ ትንሽ ነው፤ ለመዋቢያና ለታሸገ ምግብ ሻጭ ግን የአገልግሎት ማብቂያ ቀን በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ሊዛባ ይችላል። ስለሆነም በአንድ ፋይል ውስጥ አንድ አቆጣጠር ብቻ መጠቀምና ይህንኑም በዓምዱ ራስ ላይ መጻፍ ያስፈልጋል።

የሠንጠረዥ ፕሮግራም ከአቅሙ በላይ ሲሠራበት የሚደርሰውን ጉዳት ለመረዳት በእንግሊዝ የተከሰተውን መመልከት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2020 መገባደጃ የአገሪቱ የኅብረተሰብ ጤና ተቋም የኮሮና ቫይረስ ውጤቶችን በአሮጌው የኤክሴል ፋይል ዓይነት ሲያስተላልፍ 15,841 በቫይረሱ የተያዙ ሰዎች ከዕለታዊ ሪፖርቱ ወጥተው ነበር። ያ የፋይል ዓይነት የሚይዘው 65,536 መስመር ብቻ ሲሆን ትርፉ ተቆርጦ ቀርቷል፤ ከታማሚዎቹ ጋር ንክኪ የነበራቸውን ሰዎች የመፈለጉ ሥራም ዘግይቷል። አዲሱ ዓይነት 1,048,576 መስመር ስለሚይዝ ለአነስተኛ ነጋዴ ይህ ወሰን አያሰጋም። አሳሳቢው ነገር ጉድለቱ ለበርካታ ቀናት ሳይታወቅ መቆየቱ ነው።

ኤክሴልን የሚመርጥ ነጋዴ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ሊማረው የሚገባ አሠራር አለ። በንብረት ክፍል ዕቃ በሞዴል 19 ገቢ ይሆናል፤ በሞዴል 22 ወጪ ይደረጋል፤ ቢን ካርዱ ላይም እያንዳንዱ እንቅስቃሴ ከነቀኑ ይሰፍራል። ከወጪ ቀሪ የሚገኘው ከእነዚህ ነው። በርካታ ሻጮች ግን በኤክሴል የሚይዙት ቀሪውን ብቻ ነው፤ 12 የነበረውን አጥፍተው 11 ይጽፋሉ። አንዷ ዕቃ ተሸጣ፣ ተሰብራ ወይም ተሰርቃ እንደሆነ ከፋይሉ ማወቅ አይቻልም። ትክክለኛው አያያዝ እያንዳንዱን ገቢና ወጪ በአንድ መስመር መዝግቦ ቀሪውን በስሌት ማውጣት ነው። ይህን ያላደረገ ነጋዴ ሶፍትዌር ቢገዛም የሚያተርፈው ነገር ብዙ አይሆንም።

ልዩ ሶፍትዌር በዋናነት የሚያቀርበውም ይህንኑ ሥርዓት በግዴታ መልክ ነው። ትዕዛዝ ሲመጣ ዕቃውን ይይዛል፤ የያዘውን ለሌላ እንዳይሸጥ ይቀንሳል፤ ማን፣ መቼ፣ ምን እንደለወጠ ይመዘግባል። እንደገና የሚታዘዝበትን መጠንም ያስታውሳል። ስሌቱ ራሱ ቀላል ነው፤ በቀን 4 ፍሬ የሚሸጥ፣ ከአቅራቢው ለመድረስ 15 ቀን የሚፈጅና 20 ፍሬ መጠባበቂያ የሚያዝለት ዕቃ ቀሪው 80 ሲደርስ መታዘዝ አለበት። ይህን በኤክሴልም መሥራት ይቻላል፤ ልዩነቱ ሶፍትዌሩ ሰው ባያየውም ማሳሰቡ ላይ ነው።

ወጪውን በተመለከተ ከውጭ አገር ኩባንያዎች የሚገዙ በርካታ ሶፍትዌሮች በየወሩ በዶላር የሚከፈልባቸው በመሆናቸው በአገር ውስጥ ላለ ነጋዴ የውጭ ምንዛሪ ጥያቄ ያስነሳሉ። ኦዱ እና ኢአርፒኔክስት የተባሉት ክፍት ምንጭ ሥርዓቶች ያለ ፈቃድ ክፍያ ሊተከሉ ይችላሉ፤ ሆኖም የሚተክላቸውና የሚንከባከባቸው ባለሙያ ነጻ አይደለም። ኢንተርኔትና መብራት በሚቋረጥበት አካባቢ ሥራው በምን እንደሚቀጥል አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል። የክምችት ሶፍትዌር መግዛትም በደንብ ቁጥር 139/1999 መሠረት የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያ የመጠቀም ግዴታ ያለበትን ነጋዴ ከግዴታው ነጻ አያደርገውም።

በሁለቱም መንገድ የደንበኞች ስምና ስልክ የሚመዘገብ ከሆነ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ተፈጻሚ ስለሚሆን ፋይሉን ለሁሉም ሠራተኛ ክፍት ማድረግ አይመከርም።

ከኤክሴል ወደ ሶፍትዌር ለመሸጋገር የወሰነ ነጋዴ አሮጌውን ፋይል እንዳለ መገልበጥ የለበትም። ስህተቱም አብሮ ይሻገራል። በመጀመሪያ መጋዘኑ ተዘግቶ አካላዊ ቆጠራ ይደረጋል፤ በመክፈቻነት የሚመዘገበውም የተቆጠረው ነው። የበጀት ዓመቱን የሚከተሉ ድርጅቶች ለዚህ ሐምሌ 1ን ቢመርጡ ሂሳባቸው ይቀላል። ከዚያም ለአንድ ወር ያህል ሁለቱን ጎን ለጎን ማካሄድና በየሳምንቱ ጥቂት ዕቃዎችን ቆጥሮ ማመሳከር ተገቢ ነው። ከሻጩ ኩባንያ ጋር ውል ከመፈረሙ በፊትም ሁሉም መረጃ በኤክሴል መልክ ተመልሶ መውጣት መቻሉን በቃል ሳይሆን በተግባር ማየት ያስፈልጋል።