ሮቦት፣ ገባርና ወፍጮ፦ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሥነ ምግባር ከይፋት ቆላ ሲታይ



የዛሬው ንግግሬ በሳይንሳዊ ልብ ወለድ ስለምናገኛቸው ሮቦቶችና ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሥነ ምግባር ነው። ጉዳዩን የምመለከተው ግን ከሸዋ ሮቢትና ከይፋት ቆላ ሆኜ ነው። «ሮቢት»ና «ሮቦት» በድምፅ መመሳሰላቸው የአጋጣሚ ነገር ነው፤ በሥርወ ቃል አይዛመዱም። ነገር ግን ሁለተኛው ቃል የተሸከመውን ታሪክ ይህ ቆላ አሳምሮ ያውቀዋል። የምጠቅሳቸው ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ሮቦት» የሚለውን ቃል ለዓለም ያስተዋወቀው የቼክ ደራሲ ካሬል ቻፔክ በ1920 ባሳተመው «አር.ዩ.አር.» በተሰኘው ተውኔቱ ነው። ቃሉን የጠቆመው ወንድሙ ዮሴፍ ነበር። መነሻው «ሮቦታ» ሲሆን ትርጉሙም ጭሰኛ ለባለርስት ያለ ክፍያ የሚሠራው የግዴታ ሥራ ማለት ነው። ይህ ሥርዓት በቻፔክ አገር የተሻረው በ1848 ነው። እኛ ለዚህ ዓይነቱ ሥራ የራሳችን ቃላት አሉን። ገባሩ የጌታውን ሁዳድ ያርስ፣ ያጭድ፣ እህል ይፈጭ፣ አጥር ያጥር ነበር። ስለዚህ የሮቦትን አሳብ በአማርኛ ለማስረዳት «ማሽን» ከሚለው ይልቅ «ገባር» የሚለው ቃል ይቀርባል።

የይፋት ቆላ ደግሞ ከገባርነትም የከፋውን አይቷል። ከ13ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ የወላስማ ሱልጣኖች የገዙት ይህ ምድር ደጋውን ከዘይላ ጋር የሚያገናኝ የቅፍለት መንገድ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን፣ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ ከአንኮበር ግርጌ የምትገኘው አልዩ አምባ የነጋዴዎች መናኸሪያ ነበረች። በአቅራቢያዋ በነበረው በአብዱል ረሱል ገበያ ደግሞ ሰው ይሸጥ ነበር፤ ንጉሡም ከሽያጩ ቀረጥ ይሰበስብ ነበር። ከ1841 እስከ 1843 በሸዋ የቆየው የእንግሊዝ መልእክተኛ ኮርንዋሊስ ሃሪስ በ1844 ባሳተመው መጽሐፉ ስለዚህ ገበያ ጽፏል።

ለዛሬው ጉዳያችን ይበልጥ የሚጠቅመን ግን የዚያው ዘመን አንድ ሌላ ታሪክ ነው። በንጉሡ ቤት ለግብሩ የሚያስፈልገውን እህል በድንጋይ ወፍጮ የሚፈጩት በባርነት የተያዙ ሴቶች ነበሩ። ድሜጥሮስ የተባለ የውጭ አገር ባለሙያ በውኃ ኃይል የሚሠራ ወፍጮ ሠራ። ካህናቱ ግን የሰይጣን ሥራ ነው ብለው ስለተቃወሙት ወፍጮው ሥራውን አቆመ።

ይህ ታሪክ ዘወትር የሚነገረው የኋላ ቀርነት ማስረጃ ተደርጎ ነው። እኔ ግን ሌላ ጥያቄ አነሣለሁ። ባለሙያው ስለ ኃይሉ፣ ካህናቱ ስለ መንፈሱ፣ ንጉሡም ስለ ግብሩ ሲያስቡ፣ መጅ ይዛ የምታድረውን ሴት ማን ጠየቃት? አሪስቶትል ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው ክፍለ ዘመን፣ የሸማኔ መወርወሪያ በራሱ ቢሸምን ኖሮ ጌቶች ባርያ ባላስፈለጋቸው ነበር የሚል አሳብ ጽፏል። ወፍጮው ያንን ዕድል ይዞ መጥቶ ነበር። ክርክሩ ግን በመሣሪያው ውስጥ ጋኔን መኖር አለመኖሩ ላይ ሲያተኩር፣ የፈጪዋ ነገር ተረሳ።

የሳይንሳዊ ልብ ወለድም ታሪክ በእነዚህ በሁለቱ ጥያቄዎች መካከል ሲወዛወዝ የኖረ ነው። በቻፔክ ተውኔት የፋብሪካው ኃላፊ ሰውን ሁሉ ከድካም ለማውጣት ተስፋ ያደርጋል፤ ሮቦቶቹ ግን ያምፁና የሰውን ዘር ያጠፋሉ። የሚተርፈው አልክዊስት የተባለው ግንበኛ ብቻ ነው፤ ያዳነውም እንደ እነሱ በእጁ የሚሠራ መሆኑ ነው። ተመልካች የሚያስታውሰው አመፁን ቢሆንም፣ ተውኔቱ የሚፈርደው ሥራን ከሠሪው ክብር ነጥሎ በሸጠው ኩባንያ ላይ ነው።

ከዚያ በኋላ አይዛክ አሲሞቭ በመጋቢት 1942 ባሳተመው አጭር ልብ ወለድ ሦስቱን የሮቦት ሕጎች ዘርዝሮ አቀረበ። ሮቦት ሰውን አይጎዳም፤ ለሰው ይታዘዛል፤ ራሱንም የሚጠብቀው እነዚህን ሁለቱን እስካልጣሰ ድረስ ነው። በዚያው ዓመት፣ በነሐሴ ወር፣ የኢትዮጵያ መንግሥት ባርነትን የሚሽር ዐዋጅ አወጣ፤ ከዚያ በፊትም፣ አገራችን የመንግሥታት ማኅበር አባል በሆነች ማግሥት፣ በ1924 ሕግ ወጥቶ ነበር። የሁለቱ መገጣጠም አጋጣሚ ቢሆንም የሚያስተምረን ነገር አለ። የአሲሞቭን ሕጎች ከአልዩ አምባ ሆኖ ለሚያነባቸው፣ ጌታ ከባርያው የሚመኘውን ጠባይ የሚዘረዝሩ ናቸው፤ መታዘዝ ከራስ ሕይወት ይቀድማልና። አሲሞቭ ራሱም ብዙዎቹን ታሪኮቹን የገነባው እነዚህ ሕጎች እርስ በርስ ሲጋጩ በሚፈጠረው ችግር ላይ ነው።

ወደ እኛ ዘመን እንምጣ። በሆንግ ኮንጉ ሃንሰን ሮቦቲክስ የተሠራችው ሶፊያ በጥቅምት 2017 የሳዑዲ ዓረቢያ ዜግነት ተሰጣት ተባለ። በ2018 ደግሞ አዲስ አበባን ጎበኘች፤ በሶፍትዌሯ ሥራ የአዲስ አበባው አይኮግ ላብስ ወጣት ባለሙያዎች ተሳትፈዋልና ጉብኝቱ ለብዙዎች ኩራት ነበር። ኩራቱ ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ከሰሜን ሸዋና ከወሎ ለቤት ሠራተኛነት ወደዚያው አገር የሚሄዱ ብዙ ሴቶች በ«ከፋላ» ሥርዓት ከአሠሪያቸው ጋር ታስረው ኖረዋል። በ2013 መጨረሻና በ2014 መጀመሪያ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ተመልሰዋል። ለመሣሪያዋ የተሰጠው ስም ለሠራተኛዋ ተነፍጓል።

አዲስ አበባ የተወለደችው ተመራማሪ ትምኒት ገብሩ ከጉግል በ2020 መጨረሻ ከወጣች በኋላ፣ በ2021 የራሷን የምርምር ተቋም አቋቁማ አጥብቃ የምትከራከረው በዚሁ ጉዳይ ነው፤ ስለ ወደፊቱ ዐመፀኛ ማሽን የሚነገረው ፍርሃት ዛሬ ያለውን ሠራተኛ ይሸፍነዋል ትላለች። በጥር 2023 ታይም መጽሔት እንደዘገበው፣ ለቻት ጂፒቲ የሚውለውን ጽሑፍ ከክፉ ይዘት ለማጥራት በሰዓት ከ2 ዶላር በታች እየተከፈላቸው ዘግናኝ ነገሮችን ሲያነቡ የዋሉት ኬንያውያን ነበሩ። በራሱ የሚሠራ የሚመስለው መሣሪያ የራሱ ፈጪዎች አሉት።

እንግዲህ ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ስንመራመር፣ «ማሽኑ ነፍስ አለው ወይ?» የሚለውን ጥያቄ መጠየቅ ነውር አይደለም። ካህናቱም በዘመናቸው የጠየቁት ይህንኑ ነበር። የታሪክ ተማሪ ግን ሌሎች ሦስት ጥያቄዎችን ማስቀደም አለበት፦ ሥራውን ቀድሞ ይሠራ የነበረው ማን ነው? ዛሬ በስተጀርባ ሆኖ የሚሠራው ማን ነው? ትርፉስ የማን ነው? በአብዱል ረሱል ገበያ የተሸጡት ሰዎች ስማቸው አልተመዘገበልንም። ዛሬ በስክሪን ፊት የሚፈጩት ግን በሕይወት አሉ፤ ቋንቋቸውንም እናውቃለን፤ ስለዚህ ሄደን ልንጠይቃቸው እንችላለን።