«ፎርማት ይደረግ»፦ የአንድ ልማድ ታሪክ በምዕራብ ጎጃም

ፍኖተ ሰላም ወይም ቡሬ ላይ ኮምፒውተር አስቸግሮት ወደ ጠጋኝ ቤት የሄደ ሰው የሚሰማው መልስ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፦ «ፎርማት ይደረግ።» ድምፁ ቢጠፋ፣ ስክሪኑ ሰማያዊ ሆኖ ቢቀር፣ ፕሪንተሩ አላትምም ቢል ፍርዱ ያው ነው። ከተማ የቀመሱ ተጠቃሚዎች ይህን የባለሙያው ስንፍና ወይም የእውቀት ማነስ ያደርጉታል። እኔ ግን አልስማማም። ፎርማት፣ ማለትም ዲስኩን ጠርጎ ዊንዶውስን እንደገና መጫን፣ እዚህ ልማድ የሆነው በዘመኑ ከሌሎቹ መፍትሔዎች የተሻለ ስለነበረ ነው፤ ችግሩ ያን ያስገደዱት ምክንያቶች ከሞላ ጎደል ካለፉ በኋላ ልማዱ አለመቅረቱ ነው።

ሌላው መንገድ፣ ማሽኑን ወደኋላ መመለስ፣ አዲስ አይደለም። ማይክሮሶፍት ኮምፒውተርን ወደ ቀድሞ ይዞታው የሚመልሰውን ሲስተም ሪስቶር ያወጣው በ1993 ዓ.ም. መባቻ፣ ከዊንዶውስ ሚሌኒየም ጋር ነው። ጥቅምት 15 ቀን 1994 ዓ.ም. የወጣው ዊንዶውስ ኤክስፒ ደግሞ አንድ ነገር ጨመረ፦ አዲስ ድራይቨር (አንድን ዕቃ ከዊንዶውስ ጋር የሚያገናኝ ፕሮግራም) ተጭኖ ዕቃው መሥራት ካቆመ፣ ዲቫይስ ማናጀር ውስጥ ገብቶ በአንድ ቁልፍ የቀድሞውን ድራይቨር መመለስ። የሪስቶሩ አሠራር ቀላል ነበር። ማሽኑ በየ24 ሰዓቱ፣ እንዲሁም ፕሮግራም ወይም ድራይቨር ሲጫን፣ የሲስተም ፋይሎቹንና የመዝገቡን (ሬጂስትሪውን) ይዞታ ለብቻው ያስቀምጣል፤ ብልሽት ሲመጣ ወደዚያ ቀን ይመለሳል። ደብዳቤ፣ ፎቶና የተማሪ ውጤት አይነካም። ለዚህ ሁሉ የሚጠይቀው ቦታ ነው፤ ኤክስፒ ከዲስኩ እስከ 12 በመቶ ይይዝ ነበር። 40 ጊጋባይት ዲስክ ላይ ወደ 5 ጊጋባይት መሆኑ ነው፤ በዚያ ዘመን ቀላል መጠን አልነበረም።

ኮምፒውተር በምዕራብ ጎጃም ከዞን መሥሪያ ቤት አልፎ የተስፋፋው በነዚያው ዓመታት ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽና መጨረሻ ወረዳኔት የወረዳ ጽሕፈት ቤቶችን በሳተላይት ማገናኘት ጀመረ፤ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ፕላዝማ የተባለው የቴሌቪዥን ትምህርት ገባ። ከመንግሥት ቢሮና ከፍርድ ቤት አጠገብ ማመልከቻ የሚተይቡ፣ ፎቶ ኮፒ የሚያነሡ ጽሕፈት ቤቶች ተከፈቱ። እነዚህ ማሽኖች የሠሩበትን ሁኔታ ልብ ማለት ያስፈልጋል። መብራት ሳያስጠነቅቅ ይሄዳል፤ ሪስቶር ደግሞ መሐል ላይ ከተቋረጠ ማሽኑን ጭራሽ እንዳይነሣ ሊያደርገው ይችላል። ፎርማት ሲቋረጥ የሚባክነው ጊዜ ብቻ ነው፤ መብራት ሲመጣ ሲዲው እንደገና ይገባል። የተጫነው ዊንዶውስ እንደየሲዲው ይለያያል፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410 ለኮምፒውተር ፕሮግራም ጥበቃ ቢሰጥም፣ ገበያው ላይ የሚዞረው የተገለበጠ ቅጂ ነበር። ከእነዚህ ቅጂዎች አንዳንዶቹ እንዲቀሉ ሲባል ሲስተም ሪስቶር ከውስጣቸው ተቆርጦ ወጥቷል። ባለሙያው የሌለ ነገር አላየም ተብሎ ሊወቀስ አይገባም።

ከሁሉ የከፋው ግን ፍላሽ ነበር። ኢንተርኔት በሌለበት ከተማ ሰነድ ከቢሮ ቢሮ፣ ከቢሮ ጽሕፈት ቤት የሚሄደው በፍላሽ ነው፤ ቫይረሱም አብሮት ይጓዛል። ኤክስፒ ፍላሽ ገና ሲሰካ ውስጡ ያለውን ፕሮግራም ለማስነሣት በሩን ክፍት አድርጎ ይጠብቅ ነበር፤ ማይክሮሶፍት ይህን በር በማሻሻያ የዘጋው በየካቲት 2003 ዓ.ም. ነው፤ ማሻሻያው ደግሞ ኢንተርኔት ለሌለው ማሽን አይደርስም። ቫይረሱ ሪስቶር ፖይንቶቹ (የመመለሻ ነጥቦቹ) ወደተቀመጡበት ስውር ፎልደርም ይገባል። ጸረ ቫይረሱ እዚያ ገብቶ ማጽዳት ስለማይችል፣ አምራቾቹ ራሳቸው «መጀመሪያ ሲስተም ሪስቶርን ዝጉ» ብለው ይመክሩ ነበር፤ ሲዘጋ የተቀመጡት ነጥቦች በሙሉ ይጠፋሉ። የተበከለ ነጥብ ላይ የተመለሰ ማሽን ቫይረሱን ይዞ ይመለሳል። እንዲህ ያለውን ማሽን ከሥሩ ማጽዳት ሙያ እንጂ ስንፍና አልነበረም።

ዋጋውን የከፈለው ግን ደንበኛው ነው፤ በተለይ በአማርኛ የሚጽፈው። የግዕዝ ፊደል በ1992 ዓ.ም. ገደማ ዩኒኮድ ውስጥ ገብቷል፤ ኤክስፒ ግን የአማርኛ ፊደል ይዞ አልመጣም። ኒያላ የተባለው ፊደል ከነኪቦርዱ የመጣው ጥር 1999 ዓ.ም. ለገበያ በቀረበው ቪስታ ነው። እስከዚያ፣ በብዙ ቦታም ከዚያ በኋላ፣ የሚጻፈው በፓወር ግዕዝ ወይም በቪዥዋል ግዕዝ ነበር። ፎርማት የተደረገ ማሽን ላይ የቆየ የአቤቱታ ሰነድ ሲከፈት ከላይ እስከ ታች የላቲን ፊደልና ምልክት ብቻ ሆኖ ይወጣል፤ ጽሑፉ አልጠፋም፣ የሚያነበው ፊደል ነው የሌለው። ያ ፊደል የተጫነበትን ሲዲ አብዛኛው ሰው አያገኘውም። የድራይቨሩም ነገር እንዲሁ ነው፤ የፕሪንተሩ ሲዲ ከካርቶኑ ጋር ከተጣለ ቆይቷል። ላፕቶፕ ከሆነ ደግሞ አምራቹ ለማደሻ ብሎ ያስቀመጠው ክፍል ብዙ ጊዜ በመጀመሪያው ፎርማት ተጠርጎ ይሄዳል።

ፎርማት ሰነድ ያጠፋል ለሚለው ስጋት ባለሙያዎች የሚሰጡት መልስ አለ፤ ሰነድ ዲ በተባለው የዲስኩ ክፍል ላይ ይቀመጥ፣ ሲ ቢጠፋ ምንም አይጎድልም ይላሉ። እውነት አለው፤ ዲስክን ለሁለት የመክፈሉ ልማድ ብዙ ሰነድ አትርፏል። ነገር ግን ዴስክቶፕና ማይ ዶክዩመንትስ የሚገኙት ሲ ውስጥ ነው፤ ሰው ሁሉ የሚያስቀምጠውም እዚያው ነው። ሌላው መከራከሪያ የጊዜ ነው፦ መንስኤ ሲፈልጉ ከመዋል አንድ ጊዜ ጠርጎ መጫን ይፈጥናል። ቫይረስ ላይ ይህን እቀበላለሁ። አንድ የስክሪን ድራይቨር ስለተበላሸ ግን ሙሉ ዊንዶውስን መጣሉን አልቀበልም፤ የቀድሞውን ድራይቨር መመለስ ጥቂት ደቂቃ ይፈጃል። ያልታየው ሦስተኛ ምክንያት ገበያው ይመስለኛል። ፎርማት ዋጋው የታወቀ ሥራ ነው፤ አንድ ቁልፍ ተጭኖ ለሚድን ማሽን ስንት እንደሚጠየቅ ግን የተለመደ ተመን የለም።

ዛሬ ሁኔታው ተገልብጧል። ዊንዶውስ 10 ሐምሌ 2007 ዓ.ም. ከወጣ ወዲህ ጸረ ቫይረሱ አብሮ ይመጣል፣ ፊደሉም አለ፣ ላፕቶፕ መብራት ቢሄድም አይጠፋም። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ ደግሞ የፎርማት ድክመት በግልጽ ታየ፤ ጠርጎ የጫነ ሰው የጎደለውን ድራይቨር የሚያወርድበት አልነበረውም፤ ላልጠረገው ግን የቀድሞው ድራይቨር ኢንተርኔት ሳይጠይቅ እዚያው ዲስኩ ላይ ነበር። ወደኋላ መመለስ የደካማ ማሽን ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነም ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ዓለም አይቷል፤ የደኅንነት ሶፍትዌር አምራቹ ክራውድስትራይክ የላከው አንድ የተሳሳተ ማሻሻያ 8.5 ሚሊዮን ያህል የዊንዶውስ ማሽኖችን ሲጥል፣ አየር መንገዶችና ሆስፒታሎች በአብዛኛው የዳኑት ያን አንድ ፋይል አውጥተው ነው። እዚህ ላይ አንድ እንቅፋት አለ። አዲሶቹ ዊንዶውሶች ብዙ ጊዜ ሲስተም ሪስቶርን ዘግተው ይመጣሉ፤ ካልተከፈተ የሚመለሱበት ነጥብ አይኖርም። ስለዚህ ፎርማት የግድ በሆነበት ቀን እንኳ ባለሙያው ድራይቨሮቹንና ፊደሎቹን ጭኖ ሲጨርስ፣ ማሽኑን ከማስረከቡ በፊት ለሲ ሲስተም ሪስቶርን ከፍቶ የመጀመሪያውን ነጥብ ቢያስቀምጥ፣ ደንበኛው በሚቀጥለው ወር ሲመለስ የሚጠብቀው ሥራ ሌላ ዓይነት ይሆናል።