ስለ ተከለከለው ወንበር

በሊቃውንት ልማድ ወንበር ማለት የእንጨት ዕቃ ብቻ አይደለም። መምህሩ ወንበር ዘረጋ ሲባል ጉባኤ ሠራ፥ ደቀ መዛሙርት ሰበሰበ፥ የያዘውን ትምህርት ሳይሰስት ለሌላው ማካፈል ጀመረ ማለት ነው። ወንበር የሌለው ሊቅ ዕውቀቱ የቱንም ያህል ቢበዛ ተተኪ ሳያወጣ ያልፋል። ጉባኤው የታጠፈበትም ትምህርት ከሁለትና ከሦስት ትውልድ በኋላ መጽሐፉ እንኳ ቢገኝ ተርጓሚው አይገኝም። በአውሮፓ ታላላቅ ትምህርት ቤቶችም የሊቅ መምህርነት ማዕርግ እንዲሁ በወንበር ስም ይጠራል። ስለዚህ ለአንድ ሕዝብ ትምህርት ወንበር ሲከለከል የተከለከለው የአንድ ሰው ሹመት ብቻ ሳይሆን የትውልድ ርስት ነው። የአይሁድ ሊቃውንት ከ1818 ዓ.ም. ጀምሮ በጀርመን አገር ያሳለፉት ታሪክ ይህን በግልጥ ያስረዳል። በዚህ ታሪክ የሚነገሩት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

አይሁድ ከጥንት ጀምሮ የራሳቸው ጉባኤ ቤት ነበራቸው። የሺቫ በሚባለው ትምህርት ቤት ታልሙድን ከነትርጓሜው ቃል በቃል እየተከራከሩ ይማሩ ነበር። ተማሪው ንባቡን ያነባል፤ መምህሩ የቀደሙትን ሊቃውንት ቃል እያነሣ ይተረጕማል፤ ጓደኛው ይጠይቃል፤ ጥያቄውም ራሱ ትምህርት ይሆናል። ነገር ግን ይህ ሁሉ የሚደረገው በአይሁድ ሰፈር ውስጥ ነበረ። በአውሮፓ ዩኒቨርሲቲዎች ዕብራይስጥ ይሰጥ የነበረው በአብዛኛው ብሉይ ኪዳንን ለማንበብ ነው። ከብሉይ መጻሕፍት ወዲህ አይሁድ የጻፉት ሕግና ትርጓሜ፥ ቅኔና ፍልስፍና ግን እንደ ግሪክና እንደ ሮማ ድርሰት በወንበር የሚመረመር ነገር ሆኖ አይቈጠርም ነበር።

በ1818 ዓ.ም. በበርሊን ዩኒቨርሲቲ የሚማር የ23 ዓመት ወጣት፥ ሌዎፖልድ ጹንዝ፥ ረቢ ስለሚባሉት የአይሁድ መምህራን ድርሰት አንዲት ትንሽ መጽሐፍ አሳተመ። በዚያችም መጽሐፍ የአይሁድ ሊቃውንት የጻፉት ስለ ሃይማኖት ብቻ ሳይሆን ስለ ሕግና ስለ ከዋክብት፥ ስለ ሕክምናና ስለ ታሪክ፥ ስለ ቅኔና ስለ ሰዋስው ጭምር እንደ ሆነ ቈጥሮ አሳየ። መምህሮቹ የግሪክን መጻሕፍት ሲመረምሩ አንዱን ብራና ከሌላው እያስተያዩ፥ የተጻፈበትን ዘመን እየለዩ፥ የጸሐፊውን አሳብ እየፈለጉ ነበር። ጹንዝም የአይሁድ መጻሕፍት በዚሁ ሥርዓት እንዲመረመሩ ለመነ። ያስቸኰለውም ነገር ነበረ። የዘመኑ የጀርመን አይሁድ ልጆች ዕብራይስጥን እየተዉ ጀርመንኛ ብቻ ማንበብ ጀምረው ነበርና፥ መጽሐፉም አንባቢውም አንድ ቀን አብረው እንዳይጠፉ ፈራ።

በሚከተለው ዓመት፥ በ1819፥ ጹንዝና ጓደኞቹ በበርሊን የአይሁድ ሥልጣኔና ጥናት ማኅበር አቆሙ። ከመሪዎቹ አንዱ የሕግ ሊቅ ኤድዋርድ ጋንስ ነበረ፤ በኋላም ባለቅኔው ሃይንሪኽ ሃይኔ ገባበት። ማኅበሩ ንግግር አሰማ፥ ወጣቶችን አስተማረ፥ መጽሔትም አሳተመ። ነገር ግን የፕሩሲያ ንጉሥ በ1822 አይሁዳዊ በዩኒቨርሲቲ ወንበር እንዳይሾም አዘዘ። ጋንስ ምርጫው ከሁለት አንዱ ሆነበት፤ ወይ ሃይማኖቱን መያዝ፥ ወይ ወንበሩን ማግኘት። በ1825 ተጠመቀ፤ በሚከተለውም ዓመት በበርሊን ዩኒቨርሲቲ የሕግ መምህር ሆነ። ማኅበሩም ከዚያ በፊት በ1824 ፈርሶ ነበር። ጹንዝ ግን በነበረበት ጸና፤ ኑሮውንም በጋዜጣ አዘጋጅነትና በትምህርት ቤት አስተዳዳሪነት ይገፋ ጀመር።

የተከለከለው ወንበር ብቻ አልነበረም። በዚያ ዘመን አንዳንድ አይሁድ በምኵራባቸው በጀርመንኛ መስበክ ጀምረው ነበር፤ ጹንዝም ራሱ በበርሊን ሰባኪ ነበረ። ንጉሡ በ1823 መጨረሻ ላይ የአይሁድ አምልኮ በቋንቋም በሥርዓትም አንዳች አዲስ ነገር ሳይጨመርበት በቀድሞው ልማድ ብቻ እንዲፈጸም ዐወጀ። በዚህም ዐዋጅ ሕዝቡ በሚሰማው ቋንቋ የሚደረገው ስብከት ተከለከለ። ጹንዝ መልሱን የሰጠው በአደባባይ ክርክር ሳይሆን በመጽሐፍ ነው። በ1832 ስለ አይሁድ የምኵራብ ስብከት ታሪክ አንድ ታላቅ መጽሐፍ አወጣ። መጽሐፉም ስብከት ትናንት የተፈጠረ ሳይሆን ከዕዝራ ዘመን ጀምሮ የነበረ ሥርዓት መሆኑን በማስረጃ አጸና። ጸሐፊው ዕዝራ ለዚሁ ተብሎ በተሠራ የእንጨት መድረክ ላይ ቆሞ፥ ለወንዱም ለሴቱም፥ ከማለዳ እስከ ቀትር ሕጉን እንዳነበበ፥ ሌዋውያንም ሕዝቡ እስኪያስተውል ድረስ እንደ ተረጐሙለት በመጽሐፈ ነህምያ ተጽፏል። አይሁድ ይህን ዓይነቱን የጉባኤ ትርጓሜ ደራሻ፥ የተሰበሰበበትንም መጽሐፍ ሚድራሽ ይሉታል። ቃሉ በድምፅም በምሥጢርም ደረሰ፥ ድርሰት፥ ድርሳን ለሚለው ግእዝ የቀረበ መሆኑን ሰዋስው ዐዋቂ ሁሉ ያስተውለዋል። እንግዲህ ጹንዝ ያስረዳው ይህ ነው፦ በሚሰማ ቋንቋ ለሕዝብ መተርጐም ሥርዓትን ማፍረስ ሳይሆን ከሥርዓቱ ሁሉ የሚቀድም ሥርዓት ነው።

በ1848 በአውሮፓ ሁከት ተነሥቶ ነገሥታቱ ነፃነትን ለሕዝብ ሊሰጡ ቃል በገቡ ጊዜ ጹንዝ ዘመኑ የተለወጠ መስሎት ነበር። ስለዚህም በበርሊን ዩኒቨርሲቲ የአይሁድ ታሪክና ድርሰት ወንበር እንዲቆም ለፕሩሲያ መንግሥት ለመነ። ጉዳዩ ለፍልስፍና ክፍል መምህራን ተመራ፤ እነርሱም አልተቀበሉትም። ልዩ ወንበር ማቆም የአይሁድን መለየት እንደ ማጽናት ይቈጠራል የሚል ምክንያት አቀረቡ። ስለዚህ አይሁድ በአንድ ወገን የተለዩ ናቸው ተብለው ከወንበር ሲከለከሉ፥ በሌላው ወገን ደግሞ እንዳይለዩ ተብሎ ትምህርታቸው ተከለከለ።

በዚያው ዘመን ስለ ሌላ መጽሐፍ የሆነው ነገር ከዚህ ጋር ሲተያይ ያስደንቃል። የጀርመን ሊቅ አውግስጦስ ዲልማን በ1851 መጽሐፈ ሄኖክን በግእዙ አሳተመ፤ በ1859ም መጽሐፈ ኩፋሌን አስከተለ። እነዚህ ሁለት መጻሕፍት የጥንት አይሁድ ድርሰት ሲሆኑ ሙሉ ሆነው የተገኙት በኢትዮጵያ ብራናዎች ብቻ ነው። በ1869 ዲልማን በበርሊን ዩኒቨርሲቲ የብሉይ ኪዳን መምህር ሆኖ ተሾመ። ሄኖክና ኩፋሌ በግእዝ ልብስ ወደ በርሊን ጉባኤ ሲገቡ የታልሙድና የሚድራሽ ሊቅ ከደጅ ቆሞ ነበር። ከዚህ በኋላ በ1950ዎቹ ዓመታት በሙት ባሕር አጠገብ በቁምራን ዋሻ የሄኖክ ቍርጥራጭ በአራማይክ፥ የኩፋሌም በዕብራይስጥ በተገኘ ጊዜ፥ የጐደለውን ለመሙላትና የተቈረሰውን በየቦታው ለመግጠም ሊቃውንቱ የግእዙን ንባብ መያዝ ግድ ሆነባቸው። የአይሁድ ጥናት ያለ ግእዝ ሊፈጸም የማይችልበት ቦታ እንዳለም በዚህ ታወቀ።

ወንበሩ ከተከለከለ በኋላ በአይሁድ ሊቃውንት መካከል ሁለት አሳብ ሆነ። አንደኞቹ፦ ደጅ ከመጥናት የራስን ቤት መሥራት ይሻላል አሉ። በ1854 በብሬስላው ከተማ የአይሁድ መምህራን ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ በዚያም የአይሁድን ታሪክ በ11 ክፍል የጻፈው ሃይንሪኽ ግሬጽ አስተማረ። በ1872ም በበርሊን የአይሁድ ጥናት ከፍተኛ ትምህርት ቤት ተመሠረተ፤ ከፊተኞቹ መምህራን አንዱ አብርሃም ጋይገር ነበረ። መንግሥት ግን በ1883 ከፍተኛ የሚለውን ስም ከልክሎ ተራ ትምህርት ቤት እንዲባል አደረገው። ሁለተኞቹ ደግሞ፦ ለብቻ የተሠራ ቤት ትምህርቱን ለብቻ ያስቀረዋል፤ ወንበሩ ከሌሎች ወንበሮች ጋር ሊተካከል ይገባል አሉ። የዚህ አሳብ ራስ በኦክስፎርድ ያለውን የዕብራይስጥ መጻሕፍት ስብስብ መዝገብ የጻፈው ሞሪጽ ሽታይንሽናይደር ነው። እርሱ በአይሁድ ከፍተኛ ትምህርት ቤት እንዲያስተምር ቢጠራ እንቢ አለ። ከ1859 ጀምሮ እስከ ሞተበት እስከ 1907 ድረስ ግን በበርሊን በአንድ ትንሽ ተቋም ለአይሁድም ለክርስቲያንም አስተማረ። ሁለቱም ወገኖች እውነት ነበራቸው፤ ቤቱ ባይሠራ ትምህርቱ በጠፋ ነበር፥ ተካክሎ የመቆምም አሳብ ባይጠበቅ ትምህርቱ በጠበበ ነበር።

ከፊተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ፍራንጽ ሮዘንጽቫይግ ሦስተኛ መንገድ አሳየ። በ1920 በፍራንክፉርት ነፃ የአይሁድ መማሪያ ቤት አቆመ። ፈተና አልነበረውም፥ የምስክር ወረቀትም አይሰጥም ነበር። ሐኪሙ፥ ነጋዴው፥ የቤት እመቤቲቱ ከሥራቸው በኋላ በማታ እየመጡ ይማሩ ነበር። መምህራኑም ሁሉ ረቢዎች አልነበሩም፤ ዛሬ ያስተማረ ሰው ነገ ከተማሪ ጋር ይቀመጥ ነበር። የታወቁ ሊቃውንት ለብዙ ሕዝብ ንግግር ያደርጋሉ፤ ለንግግሩ የሚከፈለውም ገንዘብ ጥቂቶች ተሰብስበው መጽሐፉን በዕብራይስጥ የሚያነቡበትን ክፍል ይረዳል። ንግግሩ እንደ ደጅ፥ ንባቡ እንደ ውስጥ ቤት ነበረ። ማርቲን ቡበር በ1922 በዚህ ቤት ያሰማው ንግግር በሚከተለው ዓመት ለታተመው ታዋቂ የፍልስፍና መጽሐፉ መነሻ ሆነ። በዚያው በ1922 ሮዘንጽቫይግ ሰውነት በሚያደርቅ ደዌ ተያዘ፤ አንደበቱም እጁም ከዳው። ሆኖም በምልክት እያስጻፈ ከቡበር ጋር መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ጀርመንኛ ሲተረጕም ቈይቶ በ1929 ሞተ።

ጹንዝ የለመነው ወንበር በመጨረሻ የተዘረጋው በሌላ አገር ነው። በ1925 በአሜሪካ የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ለአይሁድ ድርሰትና ፍልስፍና ወንበር አቁሞ ሃሪ ዎልፍሰንን ሾመ፤ በ1930ም ሳሎ ባሮን በኒው ዮርክ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የአይሁድ ታሪክ መምህር ሆነ። በኢየሩሳሌምም የአይሁድ ጥናት ተቋም በ1924 መጨረሻ ተከፍቶ፥ የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ በሚያዝያ 1925 ተመረቀ።

በጀርመን ግን የናዚ መንግሥት በ1933 ሥልጣን በያዘ ጊዜ አይሁድ ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ይባረሩ ጀመር። ያን ጊዜ ሁለተኞቹ እንደ ጠባብ የቈጠሩት የበርሊኑ ትምህርት ቤት ለተባረሩት መጠጊያ ሆነ፤ ታሪክና ፍልስፍና፥ ሌላም ትምህርት በዚያ ይሰጥ ጀመር። በፍራንክፉርትም ቡበር መማሪያ ቤቱን እንደ ገና ከፈተው፤ እስከ 1938ም ቈየ። የበርሊኑ ቤት በሐምሌ 1942 በትእዛዝ ተዘጋ። እስከ መጨረሻው ካስተማሩት አንዱ ረቢ ሌዎ ቤክ ነበሩ። ከጀርመን እንዲወጡ ብዙ ጊዜ ቢለመኑ ሕዝቤን ትቼ አልሄድም ብለው ቀሩ፤ በጥር 1943ም ዕድሜያቸው 69 ሆኖ ወደ ቴሬዚየንሽታት ግዞት ተወሰዱ።

በዚያ ግዞት ወንበር አልነበረም። ቀን ቆሻሻ የሚጐተትበትን ጋሪ ሲስቡ የዋሉት ሽማግሌ ማታ በጨለማ ክፍል ስለ ፕላቶንና ስለ ካንት፥ ስለ ነቢያትም ያስተምሩ ነበር። የሚሰማቸውም ሕዝብ ተጨናንቆ ይቆም ነበር። በዚያ ግዞት እስረኞች ያሰሙት ንግግር ከ2000 በላይ ሆኖ ተመዝግቧል። ከሰሚዎቹም ብዙዎቹ ወደ ሞት ተወስደዋል። በነገ የማይተማመን ሰው ለሹመትና ለእንጀራ ብሎ አይማርም። እነዚያ ሰዎች የተማሩት ሰው መሆናቸውን የካደባቸው ገዥ ሐሰተኛ መሆኑን ስለሚያውቁ ነው። ቤክ ከሞት ተርፈው በለንደን ኖሩ፤ በ1956ም ዐረፉ።

በ2013 በጀርመን አገር፥ ለበርሊን ጎረቤት በሆነችው በፖትስዳም ከተማ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ፥ የአይሁድ ትምህርተ ሃይማኖት ክፍል ተከፈተ። ጹንዝ ወንበሩን ከለመነበት ከ1848 እስከዚያ ዘመን 165 ዓመት ነው። በርሊን ያለው የቀድሞው ትምህርት ቤት ሕንጻም ዛሬ በሌዎ ቤክ ስም ይጠራል። ጹንዝ ራሱ በ1886 በ91 ዓመቱ ሲሞት በዩኒቨርሲቲ ወንበር ላይ አንድ ቀን እንኳ አልተቀመጠም። ነገር ግን ዛሬ በኢየሩሳሌምም ሆነ በሃርቫርድ፥ በኦክስፎርድም ሆነ በፖትስዳም የአይሁድን መጻሕፍት የሚመረምር ሁሉ እርሱ በ1818 በጠረገው መንገድ ይሄዳል። ወንበርን መከልከል የንጉሥና የመማክርት ሥልጣን ነው፤ የሚያስተምርና የሚሰማ ሲገናኙ ግን ጉባኤው ቆሟል። ትምህርትን ለትውልድ የሚያቈየው ይህ ነው፦ ወንበር ሲገኝ በወንበር፥ ሲከለከል በማታ ቤት፥ ያም ሲዘጋ በጨለማ ቆሞ ማስተማር፤ ከዚህም ጋር የተከለከለውን ወንበር መለመን አለመተው።