የቤተ ሆር መንገድ

ከወልዲያ ወደ ወረታ የሚዘልቀው አውራ ጎዳና ጋሸና ላይ ሲደርስ አንድ ቅርንጫፉን ወደ ላሊበላ ይልካል። በደርግ ዘመን ቻይናውያን ባለሙያዎች ከኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ጋር የሠሩት ይህ ጎዳና፣ በዋድላ ደጋ ላይ መንኮራኩር ለማሳለፍ የመጀመሪያው ጥረት አይደለም። ከመቶ ዓመት በላይ ቀደም ብሎ፣ በ1860 ዓ.ም.፣ አፄ ቴዎድሮስ በዚሁ አካባቢ በቤተ ሆር በኩል የሠረገላ መንገድ ከፍተው ነበር።

መንገዱ የተከፈተው ሴባስቶፖልን ወደ መቅደላ ለማድረስ ነው። ወደ 7 ቶን የሚመዝነው ይህ መድፍ ጋፋት ላይ የተገኘው በአንድ ጊዜ ሙከራ አልነበረም። መጀመሪያ የተሞከረው ማቅለጥ ከሽፏል፤ አውሮፓውያኑ ሠራተኞችም መድፍ የማቅለጥ ልምድ ያልነበራቸው የእጅ ባለሙያዎች ነበሩ። ሥራው የተማሩበት ትምህርት ቤት ራሱ ሥራው ነበር ማለት ይቻላል።

ይሁን እንጂ መንገድ የሌለው መድፍ ከተራ የብረት ክምር አይሻልም። ንጉሠ ነገሥቱ በመስከረም መጨረሻ ከደብረ ታቦር ተነሥተው መቅደላ የደረሱት በመጋቢት ነው። ጨጨሆን ለመውጣት፣ ዋድላን ለማቋረጥ፣ ወደ ጅጣ ገደል ወርዶ ደላንታ ላይ ብቅ ለማለት ስድስት ወር ያህል ፈጀ። ድንገት በመድረስ፣ በፈጣን ግስጋሴ ጠላትን ሲያስደነግጡ የኖሩት ሰው አሁን በሠረገላ እርምጃ መሄድን ተማሩ። ዛሬ ድንጋይ ይነሣል፣ ዐለት በባሩድ ይናዳል፤ ነገ ሠረገላው በተደለደለው ልክ ይጎተታል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ቁልቁለት የሌላ ቀን ሥራ ነው። ንጉሡ በገዛ እጃቸው ድንጋይ ሲያነሡ መኳንንቱም ወታደሩም ለማንሣት ይገደድ ነበር። በእጅ ሥራ የሚተዳደረው ባለሙያ ይናቅ በነበረበት ዘመን ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ሥራውን ማስዋብ ግን አይገባም። የቤጌምድር ገበሬ ተዘርፏል፣ ቤቱ ተቃጥሏል፤ ሠራዊቱ በየሌሊቱ ይከዳ ነበር፤ ላስታ በዋግሹም ጎበዜ እጅ፣ ሸዋም በምኒልክ እጅ ነበር። ጭንቀት የወለደው መንገድ ነው። ነገር ግን የንጉሡ የሥልጣኔ ምኞት ከቃል ወርዶ መሬት የነካው ከሁሉ ይልቅ እዚህ ላይ ነው፤ መድፉ የሩቅ ሕልም ሲሆን መንገዱ የየዕለት ሥራ ነበር።

ደራስያኖቻችን በቴዎድሮስ ላይ ብዙ ደክመዋል። ከግርማቸው ተክለ ሐዋርያት እስከ ጸጋዬ ገብረ መድኅን ድረስ መድረኩ ደጋግሞ አስተናግዷቸዋል። ሕዝብ በልቡ የያዘው ግን የመጨረሻዋን ሽጉጥ ነው። ድንጋይ የሚያነሣው ንጉሥ፣ ከጎኑም ስሙ ያልተጻፈው ቆፋሪ፣ ገና የሚገባቸውን ትዕይንት አላገኙም። (ስድስት ወር ሙሉ መንገድ መሥራትን በሦስት ገቢር ማሳየት አስቸጋሪ መሆኑ አይካድም።)

በመጋቢት 1860 ዓ.ም. የጄኔራል ናፒየር ጦር ከዙላ ተነሥቶ፣ ላስታን አቋርጦ ቤተ ሆር ደረሰ። ዝሆን የጫነ፣ መሐንዲሶች ያሉት፣ በባሕሩ ዳር የባቡር ሐዲድ የዘረጋ ጦር ነበር። ጅጣ አፋፍ ላይ ሲቆም ከፊቱ የተዘጋጀ መንገድ አገኘ። አብረው የተጓዙት ጸሐፊዎች ሥራውን በአድናቆት መዝግበዋል፤ ጦሩም በዚያው በቴዎድሮስ መንገድ ቁልቁል ወረደ።