መልእክት የሚለዋወጡ ፕሮግራሞች ፈተና፤ አጭር ታሪካዊ ቅኝት

በፖስታ የሚጻጻፉ ሰዎች ደብዳቤ ሊዘገይና ሊቀዳደም እንደሚችል ያውቃሉ። መልስ ሳይጠብቁ ተራ በተራ መልእክት የሚላላኩ የኮምፒዩተር ፕሮግራሞችም ችግራቸው ይኸው ነው። ታዲያ ትክክለኛነታቸው በምን ይፈተናል?

የጥያቄው መሠረት የተጣለው ቀደም ብሎ ነው። አሜሪካዊው ኤድዋርድ ሙር በ1956 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት፣ መሣሪያን እንደ ተዘጋ ሣጥን ቆጥሮ፣ ከውጭ ትእዛዝ በመስጠትና መልሱን በማየት ብቻ ስለ ውስጡ ምን ሊታወቅ እንደሚችል መረመረ። ማናቸውም ፈተና ቢደረግ፣ ለዚያ ፈተና ተመሳሳይ መልስ የሚሰጥ፣ በጠባዩ ግን የተለየ ሌላ መሣሪያ ሊኖር እንደሚችልም አረጋገጠ። በ1978 እ.ኤ.አ. ቾው የተባለ ተመራማሪ፣ የፕሮግራሙ ውስጣዊ ሁኔታዎች ቁጥር ከተወሰነ መጠን እንደማያልፍ ከታመነ፣ ከሞዴል፣ ማለትም የሚጠበቀውን ሥራ አስቀድሞ ከሚወስን መግለጫ፣ በቂ ፈተና ማውጣት እንደሚቻል አሳየ።

ይህ ዘዴ ግን ለእያንዳንዱ ትእዛዝ መልስ ይከተላል ከሚል ግምት የተነሣ ነበር። ሆላንዳዊው ያን ትሬትማንስ በ1996 እ.ኤ.አ. ባቀረበው ንድፈ ሐሳብ ዝምታም እንደ መልስ ተቆጠረ፤ ሞዴሉ መልስ በሚጠይቅበት ጊዜ ዝም ያለ ፕሮግራም ይወድቃል፤ ዝምታ በተፈቀደበት ግን አይወድቅም። ይሁን እንጂ የዘገየውን ከዝምተኛው ለመለየት ምን ያህል መጠበቅ እንደሚገባ የሚወስነው ፈታኙ ነው።

ከዚህ ታሪክ የምንረዳው፣ የሚጠበቀው መልስ አስቀድሞ ካልተወሰነ ፈተና ፍርድ ሊሰጥ እንደማይችል፣ ፈተናን ማለፍም ከስሕተት ነጻ ለመሆን ፍጹም ማስረጃ እንዳልሆነ ነው። መምህራንም ይህን ከክፍላቸው ያውቁታል።