የሂንዱዎች እምነትና የጦር ስልት

ሂንዱዎች አክብረው የሚያነቡት ብሃጋቫድ ጊታ ነገሩን የሚጀምረው ከቤተ መቅደስ ሳይሆን ከጦር ሜዳ ነው። በኩሩክሼትራ ሜዳ ሁለት ጦር ፊት ለፊት ተሰልፎ ሳለ፣ አርጁና የተባለው ጀግና በማዶ ዘመዶቹንና መምህሩን ድሮናን ባየ ጊዜ ጉልበቱ ከዳው፤ ቀስቱንም ጣለ። ሠረገላውን የሚነዳለት ክሪሽና ግን ግዴታውን እንዲፈጽም፣ የሥራውንም ፍሬ እንዳይመኝ መከረው።

ህንድን ከእንግሊዝ ቀንበር ለማውጣት የደከሙት ሁለት ታላላቅ ሰዎች በዚህ ምክር ትርጓሜ አልተስማሙም። ባል ጋንጋዳር ቲላክ በማንዳሌ እስር ቤት ሳሉ ጽፈው በ1915 (ዘመኑን ሁሉ የምንጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ጊታ ሰውን ለሥራና ለትግል የሚያነሣ ነው አሉ። ማህተማ ጋንዲ ግን ጦርነቱ በሰው ልብ ውስጥ ያለው የደግና የክፉ ትግል ምሳሌ ነው ብለው፣ ከዚያው መጽሐፍ መሣሪያ አለማንሣትን ተማሩ። ከአንድ ገጽ ይህን ያህል የተራራቀ ትእዛዝ ከተገኘ፣ ስልቱን ከሌላ ስፍራ መፈለግ ሊኖርብን ነው።

ይኸውም አርታሻስትራ ነው። ካውቲልያ የተባለው ሊቅ እንደ ጻፈው የሚነገርለት ይህ መጽሐፍ ለብዙ ዘመን ጠፍቶ ኖሮ፣ በ1905 በማይሶር በዘንባባ ቅጠል ላይ ተጽፎ ተገኘ፤ ሻማ ሻስትሪ የተባሉ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛም በ1909 አሳተሙት። (እንደ እኛ በመዝገብ መካከል የሚውል ሰው ይህን ሲሰማ ደስ ሳይለው አይቀርም።) በካውቲልያ ዘንድ ድንበርተኛ ንጉሥ ጠላት ነው፤ የጠላት ጎረቤት ደግሞ ወዳጅ ነው። ለንጉሥም ስድስት መንገድ ተሰጥቶታል፤ መታረቅ፣ መዋጋት፣ ዝም ብሎ መቀመጥ፣ መዝመት፣ ከኃይለኛ መጠጋት፣ ከአንዱ ታርቆ ሌላውን መውጋት። ሰላዮቹ የመናኝ ልብስ ለብሰው ይወጣሉ፤ እዚህ ላይ ሃይማኖት ለመንግሥት መሸፈኛ እንጂ መሪ አይደለም።

የህንድ ሠራዊት ሁለቱንም ይዟል። አየር ኃይሉ የዓርማውን ቃል ከጊታ 11ኛ ምዕራፍ ወሰደ፤ በ1989 የተተኮሰው አግኒ የተባለው ሚሳይልም ስሙ የእሳት አምላክ ስም ነው። የምድር ጦሩ ደግሞ በ2023 እነካውቲልያን መመርመር ጀመረ። ህንድ በ1998 የአቶም ቦምብ ከሞከረች በኋላ፣ በ2003 ቀድማ በዚህ መሣሪያ እንደማትመታ ባወጀች ጊዜ፣ ነገሩን መሣሪያ የጣለ አይመታም ከሚለው ከጥንቱ የጦርነት ሕግ ጋር ያገናኙት አሉ። ይሁን እንጂ ቻይና ይህንኑ ቃል በ1964 ሰጥታ ነበር፤ ፓኪስታን ግን አልሰጠችም። ስለዚህ የመሪዎቹ ዓይን ከጊታ ይልቅ በድንበራቸው ካርታ ላይ የነበረ ይመስለናል።